ውሃ ሞልታችሁ ሳታዩት ብር እንዳትልኩ፦ በቻርጅ የሚሠራው የጥርስ ማጠቢያ ጉዳይ

በቻርጅ የሚሠራ የጥርስ ማጠቢያ ማሽን፣ ዋተር ፍሎሰር የሚሉትንና ጥርስ መሃል ውሃ በኃይል እየረጨ የሚያጸዳውን፣ ከቴሌግራም ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ እባካችሁ መጀመሪያ ይህን አንብቡ። በተለይ እንደ እኛ ከከተማው ወጣ ብላችሁ የምትኖሩ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ ያላችሁ። ማስታወቂያው የሚፈልገው እናንተን ነው። "እስከ ኮንዶሚኒየማችሁ በር ድረስ ነፃ ዴሊቨሪ" ይላል።

ለምን እኛን እንደመረጡ ግልጽ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ የሚያምኑት የጥርስ ክሊኒክ ለመድረስ ግማሽ ቀን ይሄዳል። የታክሲ ሰልፍ አለ፣ ቃሊቲ ላይ መንገዱ ይጨናነቃል፣ ከሥራ ማስፈቀድ አለ። ክሊኒኩ ሲደረስ ወረፋው ሌላ ነው። ሻጮቹ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ቪዲዮው የሚጀምረውም "ክሊኒክ ሄዶ ጥርስ ማሳጠብ ቀረ" በሚል ነው።

ዋጋው እንዲህ ነው የሚቀርበው። "6,500 ብር የነበረው ለዛሬ ብቻ 3,400። ሦስት ሆናችሁ ካዘዛችሁ ለእያንዳንዳችሁ 3,000።" ያ "ለዛሬ ብቻ" የሚል ጽሑፍ እስካሁን እንደተለጠፈ ነው። ብሩ በቴሌብር ቀድሞ ይላካል። ለምን ብላችሁ ስትጠይቁ "ሞተረኛው ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ሰው እያጣ ስለተቸገርን ነው" ይሏችኋል። ሩቅ ለሚኖር ሰው ምክንያቱ አሳማኝ ነው። እኛም አንድ ደረጃ የምንጋራ ጎረቤታሞች ተሰባስበን አዘዝን። ዕቃው መጣ። ሞተረኛው ካርቶኑን አቀበለንና ሄደ። ካርቶኑ ያምራል፣ በሚገባ ታሽጓል፣ ማህተም የሚመስል ወርቃማ ተለጣፊ አለው። ደረሰኝ ግን የለም።

መጀመሪያ ይሠራል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። በመጣበት ምሽት ውሃው በኃይል ይረጫል፣ ጥርስ መሃል የቀረ ምግብ ሲወጣ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ደስ ብሏችሁ "እናመሰግናለን፣ ኦሪጅናል ነው" ብላችሁ ትጽፉላቸዋላችሁ። እነሱም መልእክታችሁን ወስደው ቻናላቸው ላይ ይለጥፉታል። ብዙም ሳይቆይ ጉልበቱ ይወርዳል። ከዚያ አንድ ጊዜ አፍ አጥቦ ለመጨረስ እንኳ አይበቃም። ቻርጅ ላይ ሲሰካ አረንጓዴ ያበራል፣ ሲነቀል ይሞታል። የአንዷ ጎረቤቴ ጭራሽ በቻርጅ መሰኪያው ቀዳዳ ውሃ ማንጠባጠብ ጀመረ።

ስንደውል ያገኘነው መልስ ይህ ነው፦ "ውሃ አስገብታችሁበት ነው የኔ እህት። ውሃ የገባበት ዕቃ ጋራንቲ የለውም።"

ዕቃው የውሃ ዕቃ ነው! ሥራው ውሃ መርጨት ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ "አይፒኤክስ 7" ተብሎ ተጽፎበታል። ይህ ምልክት ለጌጥ የሚለጠፍ አይደለም። ዕቃው አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢቀመጥ አይበላሽም ማለት ነው። ይህን ጽፎ የሸጠ ሰው "ውሃ ገባበት" ብሎ ሊከራከር አይችልም። እኛም እንዲሁ ብለን ጻፍንላቸው። ብሎክ አደረጉን። በሌላ ሰው ስልክ ስንፈልጋቸው ቻናሉ ስሙን ቀይሯል። ቪዲዮው ያው ነው፤ የሚናገረውም ሰው ያው ነው።

ዕቃውን ይዘን አደባባዩ አካባቢ ያለ ስልክ ጠጋኝ ጋ ሄድን። ልጁ እዚያው ፊታችን ፈታው። ውስጡ ብዙ ነገር የለውም። ትንሽ ሞተር፣ ሞተሩ የሚያንቀሳቅሰው ፒስተን፣ አንድ ባትሪና ቦርድ ነው። ፒስተኑ ውሃውን ከመያዣው ይስብና በቀጭኑ አፍ በኩል እየቆራረጠ ይገፋዋል። ደህና ማሽን ይህን በደቂቃ ከ1,200 ጊዜ በላይ ያደርገዋል። ጥርስ መሃል የተሰገሰገውን የሚያስለቅቀው ይህ ምት ነው። ባትሪው ሲደክም ምቱም አብሮ ይደክማል፤ ከዚያ በኋላ አፋችሁን በብርጭቆ ውሃ ብትጉመጠመጡ ይሻላል።

ባትሪው ከአውራ ጣት ወፈር ያለ ሲሊንደር ነው። አዲስ ሰማያዊ ፕላስቲክ ለብሷል፤ ላዩ ላይ 2,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ይላል። ልጁ ፕላስቲኩን በጥፍሩ ሲልጠው ከሥሩ ሌላ የደበዘዘ ፕላስቲክ ወጣ። ጫፉ ላይ ድሮ የተበየደበት ነጠብጣብ አለ፣ አዲሱ ብየዳ ደግሞ ከጎኑ። "ይሄ ከአሮጌ ላፕቶፕ የተነቀለ ነው እትዬ፤ እኔም ጋ ይመጣል" አለኝ። የቻርጅ መሰኪያው ዙሪያ ውሃ የሚከለክል ጎማ መኖር ነበረበት። የለም። በቦታው ሙጫ ተቀብቷል፣ ሙጫውም ተሰንጥቋል። መሰኪያው ዝጎ አረንጓዴ ሆኗል። የሚገርመው ሞተሩና ፒስተኑ ደህና ናቸው። ገዢው በማያየው ቦታ ላይ ነው የቆጠቡት።

ይህ የብር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሊቲየም ባትሪ ሲያረጅ፣ ሲያብጥ ወይም ውሃ ሲነካው እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ይህ ዕቃ ቤታችሁ ካለ ማታ ተኝታችሁ ቻርጅ ላይ አትተዉት። ፍራሽ ወይም ሶፋ ላይ አድርጋችሁ አትሰኩት። ገላው ካበጠ ወይም ሲነካ የሚያቃጥል ከሆነ ጨርሶ አትሰኩት፤ ልጆችም እንዳይነኩት አድርጉ።

እኔን ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ግን ባትሪው አይደለም፣ ተስፋው ነው። ብሎካችን ውስጥ ዝዋይ አካባቢ ያደገች ልጅ አለች። ጥርሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ቡናማ ነው። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ቪዲዮው ላይ "የበለዘ ጥርስ ያነጣል" ሲል ሰማች። ፎቶ አንስታ ላከችላቸው። "በሁለት ሳምንት ወተት ይሆናል" አሏት። እሷም በመጨረሻው ኃይል ላይ አድርጋ ጠዋት ማታ ድዷ ላይ ስትረጭበት ከረመች። ድዷ መድማት ጀመረ። ስትጽፍላቸው "ቆሻሻው እየወጣ ስለሆነ አትፍሪ፣ ቀጥዪበት" ብለው መለሱላት። ይህን መልእክት ስልኳ ላይ አይቼዋለሁ።

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ያ ቡናማነት ቆሻሻ አይደለም። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ብዙ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በአካባቢው ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ጉድጓድ ሞልቷል። ልጅ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ያንን ውሃ ሲጠጣ ፍሎራይዱ የጥርሱን ሽፋን አሠራር ያበላሸዋል። ቀለሙ ያለው ሽፋኑ ውስጥ ነው። ውሃ ቢረጩበት፣ በሳሙና ቢፈትጉት፣ በመፋቂያ ቢፍቁት አይለቅም። የጥርስ ሐኪም ግን እንደ ጉዳቱ መጠን ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ፤ ላዩን በስሱ መፈግፈግ ወይም መሸፈን። ያቺ ልጅ ያንን ብር ለምርመራ ብታውለው ኖሮ ቢያንስ እውነቱን ትሰማ ነበር።

"ታርታር ያነሳል" የሚለውም ውሸት ነው። ጥርስ ላይ የሚለጠፈው ለስላሳ ቆሻሻ ሳይጸዳ ሲቆይ የምራቅ ማዕድን እየገባበት ይደነድናል፤ ታርታር የሚባለው እሱ ነው። አንዴ ከደነደነ በውሃ አይነሳም። ክሊኒክ ሄዶ ማሳጠብ የግድ ነው። ድድ መድማትም አብዛኛውን ጊዜ ድዱ መቆጣቱን ነው የሚናገረው። ማሽኑን ስትጀምሩ በትንሹ ኃይል ላይ ሆኖ እንኳ ጥቂት ሊደማ ይችላል። እየቀጠለ ከሄደ ግን የሚያየው ሐኪም እንጂ የቴሌግራም ሻጭ አይደለም። የልብ ቫልቭ ችግር ያለበት ሰው ደግሞ ከመጀመሩ በፊት የልብ ሐኪሙን ይጠይቅ። ከአፍ ወደ ደም የሚገባ ባክቴሪያ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው አደገኛ ነው። ይህን የሚናገር አንድም ማስታወቂያ አላየሁም።

ዕቃውን በጠቅላላ እያጥላላሁ አይደለም። ዋተር ፍሎሰር እውነተኛ ዕቃ ነው። የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ነው፤ አንድ የጥርስ ሐኪምና አንድ የውሃ ግፊት መሐንዲስ ተባብረው ነው የሠሩት። ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ላሰረ፣ ብሪጅ (በወለቀ ጥርስ ቦታ ከጎን ጥርሶች ጋር የሚታሰር ሰው ሠራሽ ጥርስ) ወይም የተተከለ ጥርስ ላለው፣ ጥርሱ መሃል የማጽጃ ክር ማስገባት ለሚያቅተው ሰው በጣም ይጠቅማል። እናቴ ብሪጅ አላት። ከውጭ የመጣላትን ማሽን ዛሬም ትጠቀምበታለች፤ በሥሩ የሚሰገሰገው ጥሬ ሥጋና ቆሎ ድሮ ያስቸግራት ነበር። እሷም ግን ብሩሿን አልጣለችም። ማሽኑ የብሩሽ ረዳት ነው፣ ምትኩ አይደለም።

በቻርጅ የሚሠራው መወደዱም አግባብ ነው። መብራት ሲጠፋ አያቆምም፣ ቦታ አይዝም። ስለዚህ ልግዛ የሚል ሰው ይግዛ፤ አገዛዙን ግን ያስተካክል። ብር ቀድማችሁ አትላኩ። ሞተረኛው በር ላይ ቆሞ እያለ ውሃ ሙሉበትና በከፍተኛው ኃይል ልቀቁት። የእነዚህ ማሽኖች የውሃ መያዣ ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 300 ሚሊሊትር ነው፤ በአንድ ደቂቃ ገደማ ያልቃል። ደግማችሁ ሙሉት፣ ሠልሱት። ምቱ እየላላ ከመጣ ባትሪው ነው። መሰኪያውን የሚከድነውን ጎማ ክፈቱና ጥብቅ መሆኑን እዩ። ከዚያ "አይፒኤክስ 7 ይላል አይደል፣ ባልዲ ውስጥ ልንከረው?" ብላችሁ ጠይቁ። ደህና ዕቃ የያዘ ሻጭ አይደነግጥም። "ካርቶኑ ከተከፈተ አይመለስም" ካለ ሞተረኛውን በሰላም ሸኙት። ለሞተረኛው ክፉ አትናገሩት፤ እሱ የተላከ ሰው ነው።

ሌላም ጠይቁ፦ መለዋወጫ አፍ አለ ወይ? ጫፉ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ መቀየር ያለበት ነገር ነው። መለዋወጫው ከሌለ ማሽኑ ደህና ቢሆንም ዕድሜው አጭር ነው።

ስለ ውሃውም አንድ ነገር። እኛ ጋ ውሃ በፈረቃ ነው፤ ከጀሪካንና ከሮቶ ነው የምንቀዳው። ፈረቃው ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደው ድፍርስ ውሃ ቀጭኑን አፍ ይደፍነዋል። ማሽኑ ውስጥ የምትጨምሩት የምትጠጡትን ውሃ ይሁን፤ ፈልቶ ለብ ያለ ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነው። ስትጨርሱ የቀረውን ድፉና መያዣውን ክፍት አድርጋችሁ አድርቁት። ውስጡ ያደረ ውሃ ባክቴሪያ ያራባል፣ እሱን ነው መልሳችሁ ድዳችሁ ላይ የምትረጩት።

አሁን ተታልሎ የገዛ ሰው ምን ያድርግ? የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚባል ሕግ አለን። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት አለው። ነጋዴም ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። እነዚህ ሰዎች "ነገ እንቀይራለን፣ ሰኞ ሞተረኛ እንልካለን" እያሉ የሚያጓትቱት ቀኑ እንዲያልፍ ይመስለኛል። ስለዚህ ጥያቄያችሁን በስልክ ብቻ አታቅርቡ፤ ቀኑ በሚታይበት ጽሑፍ ላኩ። ብሎክ ከመደረጋችሁ በፊት ንግግሩን በሙሉ ስክሪንሹት አንሱ። የድምፅ መልእክት ካለ አውርዱት። ቴሌብር የሚልከውን የክፍያ መልእክት አታጥፉ፤ የግብይት ቁጥሩና የተቀባዩ ስም እዚያ ላይ ነው። ደረሰኝ ከልክለዋችሁ ከሆነ እጃችሁ ላይ የሚቀረው ማስረጃ እሱ ነው። ካርቶኑንም አትጣሉ፣ "አይፒኤክስ 7" የሚለው ጽሑፍ ያለው እሱ ላይ ነው።

እኛ ማስረጃችንን አሰባስበን ለክፍለ ከተማችን ንግድ ጽሕፈት ቤት አመልክተናል። እየጠበቅን ነው። ከቱሉ ዲምቱና ከአካባቢው ይህ የደረሰባችሁ ሰዎች ካላችሁ በየግላችሁ አትድከሙ። የክፍያ መልእክታችሁን፣ ስክሪንሹታችሁንና ዕቃውን ከነካርቶኑ ይዛችሁ በየብሎካችሁ ኮሚቴ በኩል አሳውቁን፤ ማመልከቻው ላይ ስማችሁን እንጨምራለን።