ዋይልድፍላይ ሰርቨር ከዘጠኝ ወር በኋላ፦ ከሐዋሳ

የጫንኩት ሰኔ ላይ ነው። አሁን መጋቢት ላይ ነን። የምሠራው ሐዋሳ፣ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ ሲሆን የምዝገባና የውጤት ሲስተማችን በጃቫ የተሠራ ነው። ዋይልድፍላይ ድሮ ጄቦስ ይባል የነበረው አፕሊኬሽን ሰርቨር ማለትም የጃቫ ፕሮግራሞችን የሚያስኬድ ሶፍትዌር ነው። ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው።

የመጀመሪያው ቀን በጃቫ ጣጣ አለቀ። ማሽኑ ላይ የነበረው ጃቫ 8 ነው፤ ዋይልድፍላይ 27 ግን ቢያንስ ጃቫ 11 ይፈልጋል። አዲሱን ጫንኩ። ሰርቨሩ አሁንም አልነሳ አለ። ለካ "ጃቫ ሆም" (ጃቫ የት እንዳለ ለሰርቨሩ የሚነግረው ሴቲንግ) የሚጠቁመው የድሮውን ነው! እሱ ሲስተካከል ደግሞ አፕሊኬሽናችን አልሠራ አለ። 27 ወደ ጃካርታ ኢኢ 10 (የጃቫ ኢንተርፕራይዝ ፕሮግራሞች ደረጃ) ተሻግሯል፤ በኮዳችን "ጃቫክስ" እያልን የምንጠራቸው የኢንተርፕራይዝ ፓኬጆች "ጃካርታ" ሆነዋል። እነሱን መቀየር ሁለት ሳምንት ፈጀብን። ከመጫናችሁ በፊት ይህን ፈትሹ።

ክረምቱን ሰላም ነበር። መስከረም ላይ ምዝገባ ተጀመረ። ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ የተማሪው ሰልፍ በር ደርሶ ሳለ ሲስተሙ ቀጥ አለ። ሎጉን ስከፍት "አውት ኦፍ ሜሞሪ" ይላል። ማሽኑ 8 ጊጋባይት ራም አለው፣ ሰርቨሩ ግን በነባሪ የተፈቀደለት የሂፕ (ጃቫ ለፕሮግራሙ ዳታ የሚጠቀምበት ሜሞሪ) ጣሪያ 512 ሜጋባይት ብቻ ነበር። እኔ አልነካሁትም ነበር። ዳታቤዛችን ፖስትግሬስ እዚያው ማሽን ላይ ስለሆነ ለሱም ቦታ ትቼ ጣሪያውን ወደ 3 ጊጋባይት ከፍ አደረግኩት።

በማግስቱ ሌላ ችግር መጣ። ገጾቹ 30 ሰከንድ ይንገዋለሉና ስህተት ያወጣሉ። የዳታቤዝ ኮኔክሽን ፑሉ (ሰርቨሩ ለገጾቹ የሚያውሳቸው የዳታቤዝ ግንኙነቶች ስብስብ) በነባሪ ቢበዛ 20 ነው፤ ሃያውም ተይዟል። ቁጥሩን ወደ 50 አሳደግኩ፣ ከሰዓት በኋላ 50ውም አለቀ። ያኔ ነው ነገሩ የቁጥር እንዳልሆነ የገባኝ። ኮዱን ስናገላብጥ አንድ የሪፖርት ገጽ የወሰደውን ኮኔክሽን አይዘጋም። አንድ መስመር ጨመርን፣ ፑሉን ወደ 20 መለስነው። ከዚያ ወዲህ ሞልቶ አላየሁም።

በጣም የምወደው ነገር አለ። ሴቲንጉን በቀየራችሁ ቁጥር የድሮውን ኮፒ በራሱ የሂስትሪ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ኅዳር ላይ ባልደረባዬ የዳታሶርሱን (ሰርቨሩን ከዳታቤዙ የሚያገናኘውን) ሴቲንግ በስህተት አጠፋው። የትናንቱን ፋይል አንስተን መለስነው፣ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። መብራት ሲመጣ በራሱ እንዲነሳም በሊኑክስ ላይ እንደ ሰርቪስ አስመዝግቤዋለሁ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማንም ቢሮ መሮጥ አይጠበቅበትም።

የአስተዳደር ገጹ በፖርት 9990 ላይ ነው፣ በነባሪ የሚከፈተውም ከማሽኑ ውስጥ ብቻ ነው። እባካችሁ እንደዚያው ተዉት። ከውጭ መግባት ካስፈለገ በኤስኤስኤች (በተመሰጠረ የርቀት መግቢያ) በኩል ግቡ።

የሚከብደው ስሪት መቀየር ነው። ሴቲንጋችንን በየጊዜው በእጅ ወደ አዲሱ መገልበጥ ያደክማል። አሁን ሁሉንም በትእዛዝ ስክሪፕት ጽፌዋለሁ፤ አዲስ ማሽን ላይ ማስኬድ ብቻ ነው የሚቀረኝ። ሥራችሁ ተራ ዌብ ገጾች ብቻ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልጋችሁም፣ ቀለል ያለው የጃቫ ዌብ ሰርቨር ቶምካት ይበቃችኋል። እኛ ትራንዛክሽንና የመልእክት ወረፋ ስለምንጠቀም ነው እዚህ የቆየነው።