9 ግራም ቀለም በ15 ሺህ ብር፦ እኔ ገብቼበታለሁ፣ እናንተ አትግቡ

ሴቶች፣ ጥር ሳይገባ ይህችን ልንገራችሁ። የሠርግ ወቅት ሲቃረብ የሁላችንም እጅ ይፈታል። ሚዜዋም፣ የሙሽራ እህትም፣ እንዲሁ የተጠራችውም ስልኳን ይዛ አይሻዶ (የዓይን ቆብ ቀለም) ስታይ ታመሻለች። እኔም አምና እንደዛው ሳይ አምሽቼ አንዷ ፓሌት፣ ማለትም ብዙ ቀለም በአንድ ሣጥን የያዘች፣ ዓይኔ ውስጥ ገባች። ስሟን አልጠራም። ትልቅ ስም ያላት፣ ስድስት ቀለም የያዘች፣ 95 ዶላር የምትሸጥ ናት።

የወንድሜ ሚስት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። ለገና ስትመጣ ይዛልኝ እንድትመጣ ለመንኳት። የሜሪላንድ 6 በመቶ ታክስ ሲጨመርበት 100 ዶላር ከ70 ሳንቲም ሆነ። በባንክ ምንዛሬ አስበን ብሩን እዚህ ለእናቷ ሰጠሁ። ከ15 ሺህ ብር በላይ። «እርግጠኛ ነሽ ግን?» ብላኝ ነበር። እርግጠኛ ነበርኩ።

ከወዲሁ ግልጽ ይሁን፤ ፌክ አይደለችም። ከራሱ ከሱቁ፣ ከነደረሰኟ የመጣች ናት። እንደዛም ሆና ነው ተሸወድኩ የምለው።

መጀመሪያ ስከፍታት ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ሣጥኗ ከበድ ትላለች። በማግኔት ቀጭ ብላ ትዘጋለች። ጥቁር የከፈይ ከረጢት ሁሉ አላት። የእህቴ ልጅ ቀኑን ሙሉ ቀጭ፣ ቀጭ ስታደርጋት ዋለች። ክብደቷ ግን ከነከነኝ። ጎረቤታችን ወርቅ ቤት አላቸው፣ ይዣት ሄድኩና ሚዛን ላይ አስቀመጥናት። 214 ግራም። ከጀርባዋ የተጻፈው የቀለሙ ክብደት ደግሞ 9 ግራም። ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና «ልጄ፣ ቀለበቱን ሳይሆን ሙዳዩን ነው የሸጡልሽ» አሉኝ።

ቤት ገብቼ አሰላሁት። በግራም ከ10 ዶላር በላይ ነው የከፈልኩት። ለማነጻጸር፣ አናስታዥያ ቤቨርሊ ሂልስ የሚባለው የሜካፕ ብራንድ በፈረንጆቹ 2016 ያወጣው ሞደርን ሬኔሳንስ የምትባለው ፓሌት 14 ቀለም ነበራት፤ እያንዳንዱ 0.7 ግራም፣ ዋጋዋ 42 ዶላር። በግራም ከ4 ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል። እሷም ርካሽ አልነበረችም። ከዚያ ወዲህ ዋጋው ጣራ ነካ። ሜካፕ አርቲስቷ ፓት መግራዝ በ2017 ያወጣቻቸው ባለ 10 ቀለም ፓሌቶች ሲጀምሩ 125 ዶላር ነበሩ፤ ሰውም ተሻምቶ ገዛቸው። ስለዚህ የቀለሙን ብዛት ቆጥራችሁ አትርኩ። ከጀርባ ያለውን ግራም እዩ።

አሁን ወደ ዓይኔ ልምጣ። ከስድስቱ ቀለማት ሁለቱ ልክ ናቸው። አንዱ ጠቆር ያለ የመዳብ ቀለም ነው፤ በጣት ሲነካ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል፣ አንዴ ሲቀቡት በቃ ይይዛል። ሌላው የቡና ቀለም ነው። የቀሩት አራቱ ፈዘዝ ያሉ ናቸው፤ ክሬም፣ ሮዝ ቢጤ፣ አመድማ፣ እና እኔ እስካሁን ስም ያላገኘሁለት አንድ። ማስታወቂያው ላይ ነጣ ባለች ሴት ዓይን ላይ አምረው ነበር። የአክስቴ ልጅ ሠርግ ዕለት ጠዋት ክሬሙን ቅንድቤ ሥር ቀብቼ ወጣሁ። ታላቅ እህቴ አየችኝና «ዱቄት ነክቶሻል» ብላ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ። ምንም አላልኩም። በልቤ ግን የ2 ሺህ 500 ብር ዱቄት ነው እያልኩ ነበር።

ይህ የሚሆነው በምክንያት ነው። አብዛኛው አይሻዶ መሠረቱ ታልክና ሚካ ነው። ታልክ የሕፃናት ፓውደር ሲሠራበት የኖረው ነው፤ ሚካ ደግሞ የሚያብለጨልጭ ማዕድን። ቡኒውና ቀዩ ቀለም ከአይረን ኦክሳይድ ይመጣል፤ በአጭሩ የዝገት ዘመድ ነው። ፈዛዛዎቹ የሚነጡት በታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። ግድግዳ የሚቀባ ነጭ ቀለም ውስጥም ያለው እሱው ነው። ይህ ነጭ ነገር በቡናማ ቆዳ ላይ ሲያርፍ አመድ የነካን ያስመስለናል። ዋጋው ቢጨምርም ይህ አይቀየርም።

ውድ መሆኑ ምንም አይጨምርም ማለቴ አይደለም። ዱቄቱ ይልማል፣ አይረግፍም፣ አብለጭላጩ ይበዛል። የመዳቡ ቀለም ይመስክር። ግን ልዩነቱ የዋጋውን ያህል አይደለም። ደግሞ ሁሉም ድርጅት የራሱን ቀለም በራሱ ጓዳ የሚፈጭ እንዳይመስላችሁ። ጣሊያን አገር ኢንተርኮስ የሚባል በ1972 የተቋቋመ ኩባንያ አለ፤ ሥራው ለሌሎች ብራንዶች ሜካፕ ማምረት ነው። ደንበኞቹ ብዙ ናቸው፣ ታላላቅ ስሞችም አሉበት። ስሙ የሚለጠፈው በኋላ ነው።

ለጠየምና ጠቆር ላልነው የታሰበ ቀለም ደግሞ በቅናሽ ይገኛል። ናይጄሪያ የተወለደችው ቺቺ ኤቡሩ የመሠረተችው ጁቪያስ ፕሌስ የምትባል ብራንድ ስሟን የተከለችው በዚሁ ነው፤ ደማቅ ቀለም፣ መካከለኛ ዋጋ። አምና ጓደኛዬ ስትነግረኝ አልሰማኋትም። ሣጥኑ ካርቶን ነው ብዬ።

አንድ ሰው ግን ተከራክሮኛል። ሙሽራ የምታኳኩል ጓደኛ አለችኝ። «ለኔ ያዋጣል» አለችኝ። «ደንበኛዬ መጀመሪያ የምታየው ሣጥኑን ነው። ሣጥኑን አይታ ነው የምጠራላትን ዋጋ የማትከራከረኝ።» እውነቷን ነው። ለሷ የሥራ ዕቃም፣ ታፔላም ነው። እኔ ግን በዓመት ስድስት ሠርግና ሁለት ክርስትና ነው ያለኝ።

«እሺ፣ ውድ ከሆነ በቴሌግራም በቅናሽ እናገኘዋለን» የምትሉ ደግሞ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ይሄኛው ይብሳል። የአክስቴ ልጅ የኔን ካየች በኋላ «ያንኑ» በ3 ሺህ 200 ብር አገኘሁ ብላ እየበረረች መጣች። «መቶ በመቶ ኦሪጅናል፣ ከዱባይ» ይላል ፖስቱ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። ከሩቅ መንታ ናቸው። የሷን ስትገለብጡት ግራም የለም፣ የምርት ቁጥር የለም። የኔ ግን የውጭ መጠቅለያ ካርቶኗ ላይና ፓሌቷ ጀርባ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር አለ። የሷ ሲሸተት የበር ቀለም ይሸታል። በጣት ሲነካ እንደ ጠመኔ ይፍቃል። እሷ ግን «አሁን ከተገዛ» ብላ ተቀባችው። ማታ ዓይኗ ቀልቶ አደረ። ሻጩ ጋ ደወለች፣ አልተነሳም። ጻፈችለት፣ ብሎክ አደረጋት።

እዚህ አገር ብቻ አይደለም። በ2018 የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት ከታወቁ የኦንላይን ገበያዎች 47 ዕቃ ገዝቶ አስመርምሮ 20ው ፌክ ሆኖ ተገኘ። ከነዚህ ውስጥ 13ቱ በአንድ የሜካፕ ብራንድ ስም የተሸጡ ነበሩ፤ አንድም እውነተኛ አልወጣበትም። በዚያው ዓመት የሎስ አንጀለስ ፖሊስ የያዘው ፌክ ሜካፕ ሲመረመር ባክቴሪያና የእንስሳት እዳሪ ተገኘበት። ዓይን ላይ የሚቀባ ነገር ነው እንግዲህ።

እኔ ብሩን ሳልከፍል ማድረግ የነበረብኝ ቀላል ነበር። የፓሌቷን ፎቶ ከፍቼ ቀለሞቹን አንድ በአንድ በጣቴ እየሸፈንኩ «ይሄን ብቻውን ቢሸጡልኝ እገዛዋለሁ?» ማለት። ለአራቱ መልሱ «አልገዛውም» ነበር። ሁለቱን ቀለም የሚመስል በነጠላ ይሸጣል። ከዚያ ደግሞ ያቺን ክዳኗ የተከፈተ ጠርሙስ የምትመስል ምልክት ማየት ነበረብኝ። የኔ ላይ 12 ተጽፎባታል፤ ከተከፈተ በኋላ 12 ወር ማለት ነው። ዘንድሮ ጥር ላይ ዓመት ይሞላታል። የመዳቡ መሐል ላይ ትንሽ ጎድጎድ ብሏል። ክሬሙ ላይ የታተመው የብራንዱ ስም እስካሁን ይነበባል።

እናቴ ሣጥኗን ወዳታለች። መርፌና ክር ላስቀምጥባት ትለኛለች በየሳምንቱ። ቀለሙ እስኪያልቅ ጠብቂ ብያታለሁ።