ቤንዚን ወይስ ናፍጣ? መኝታ የተሠራላቸው ሁለት ሃይስ ቫኖች በጅማ መንገድ

ጅማ ውስጥ ቫን የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «በሊትር ስንት ይሄዳል?» ብሎ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መምጣት ያለበት ግን መጨረሻ ላይ ነው። ከኋላው ፍራሽ የተዘረጋለት ቫን በዓመት ውስጥ የሚታደርበት ሌሊት ጥቂት ነው። በቀረው ጊዜ ልጅ ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ መርካቶ ወርዶ ጤፍ ይጭናል፣ ከፈረንጅ አራዳ ወደ ጅሬን ይወጣል፣ ለቀብርና ለሠርግ ዘመድ ያመላልሳል። ስለዚህ ሞተሩ መመረጥ ያለበት ለአዘቦት ቀን ነው።

እዚህ የምናነጻጽራቸው ሁለት ቶዮታ ሃይስ ቫኖች ናቸው። አንዱ 2.5 ሊትር ቱርቦ ናፍጣ (2ኬዲ)፣ ሌላው 2.7 ሊትር ቤንዚን (2ቲአር)። ሁለቱም ማኑዋል ማርሽ ናቸው፣ አንድ ዓይነት መኝታ ተሠርቶላቸዋል፣ ክረምትም በጋም ጅማ ውስጥና ከጅማ ውጭ ሲሠሩ ቆይተዋል።

ወረቀት ላይ ናፍጣው 102 የፈረስ ጉልበት፣ ቤንዚኑ 151 አለው። ይህን ብቻ ያየ ሰው ዳገት ላይ ቤንዚኑ ይቀድማል ብሎ ይጠብቃል። ጉልበቱ የሚገኝበት ዙር (ሞተሩ በደቂቃ የሚሽከረከርበት ብዛት) ግን ይለያያል። ናፍጣው ሙሉ ጉተታውን፣ 260 ኒውተን ሜትሩን፣ ከ1,600 ዙር ጀምሮ ይሰጣል። ቤንዚኑ 241 ኒውተን ሜትሩን ለማውጣት 3,800 ዙር መድረስ አለበት። በዚያ ላይ ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ ስድስተኛ ያህሉን እዚሁ ቆሞ ያጣል። ቱርቦው አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ናፍጣው ላይ ጉድለቱ ብዙም አይታወቅም።

ልዩነቱ ፍጥጥ ብሎ የሚታየው ግቤ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ሲመጡ መንገዱ ከወልቂጤ በኋላ ወደ ወንዙ ቁልቁል ይወርድና ድልድዩን እንደተሻገረ ወደ ሰኮሩ አቅጣጫ ረጅም ዳገት ይይዛል። አራት ሰው፣ ፍራሽ፣ ውሃና ጓዝ ጭኖ ናፍጣው 3ኛ ማርሽ ላይ በ2,000 ዙር ረጋ ብሎ ይወጣዋል። ቤንዚኑ ያንኑ ዳገት ለመውጣት ከ3,500 እስከ 4,000 ዙር ይጮኻል፤ ፊት ለፊቱ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ከገባበትና ፍጥነቱ ከሞተበት ወደ 2ኛ ይወርዳል። ይወጣል፣ አያሳፍርም፤ ነገር ግን እዚያ ዳገት ላይ በሊትር ከ5 ኪሎ ሜትር ብዙ አያልፍም። ሸለቆው ሞቃት ስለሆነ በሁለቱም መኪኖች የሙቀት መለኪያውን ቀስት ማየት ግድ ነው። ከመሃል ማለፍ ከጀመረ ኤሲውን አጥፉ፣ አንድ ማርሽ ቀንሱና ዙሩን ከፍ አድርጉ፤ ዙር ሲጨምር ፋኑና የውሃ ፖምፓው አብረው ይፈጥናሉ። ይህ በተደጋጋሚ ከገጠማችሁ ራዲያተሩን ከማስበርበር በፊት ፋኑን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘውን የፋን ክላች አስፈትሹ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ትኩስ ሳለ፣ ፋኑን በእጅ ስታዞሩት ያለ ምንም መጎተት የሚሽከረከር ከሆነ ክላቹ አልቋል።

ከተማ ውስጥ ጨዋታው ይገለበጣል፤ በነዳጅ ፍጆታ ሳይሆን በጋራዥ ወጪ። ናፍጣው በሊትር ከ10 እስከ 11 ኪሎ ሜትር፣ ቤንዚኑ ከ7 እስከ 8 ይሄዳል። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ልዩነቱ 40 ሊትር ገደማ፣ በዓመት 450 ሊትር ያህል ነው። ቀላል አይደለም። ይሁንና አራት ኦሪጅናል ኢንጀክተር (ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨው ዕቃ) ማስቀየር የዚህን የአንድ ዓመት ቁጠባ ጠራርጎ ይበላዋል። ኢንጀክተሩን ቶሎ የሚገድለው ደግሞ ሰው እንደሚያስበው ረጅም መንገድ አይደለም። ቆሻሻ ነዳጅና አጭር ምልልስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የናፍጣ ሞተር ለመሞቅ ጊዜ ይወስዳል። ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ተነድቶ የሚጠፋ፣ ከሰዓት በኋላ እንደገና ተነስቶ ያንኑ የሚደግም ሞተር የሥራ ሙቀቱ ላይ ሳይደርስ ነው የሚውለው። ቀዝቃዛ ሞተር ነዳጁን አጥርቶ አያቃጥልም። ጥላሸቱ የአየር መግቢያው ውስጥ ይጋገራል፣ ያልተቃጠለው ናፍጣ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ቤንዚኑ ቶሎ ስለሚሞቅ ይህንን ኑሮ በደንብ ይችላል። ናፍጣ ገዝታችሁ ከተማ ውስጥ ብቻ የምትነዱ ከሆነ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን እስከ አጋሮ፣ 45 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ወስዳችሁ መልሱት።

የ2ኬዲ ዋና ደካማ ጎን ከኢንጀክተሩ ሥር ያለችው የመዳብ ወሸር ናት። ወሸሯ ስትደክም ከሲሊንደሩ የሚሾልከው የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውጭ አይወጣም፤ ከቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳን ሥር ይቀርና ዘይቱን ያከስለዋል። የከሰለው ዘይት ካርተሩ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ውስጥ ወርዶ የዘይት መምጠጫውን ወንፊት ይደፍናል። ከዚያ በኋላ የዘይት መብራት ሲበራ ቱርቦውና ብሮንዚናው (የሞተሩ ዋና ዘንግ የሚሽከረከርበት ስስ ብረት) ቀድመው ተጎድተዋል። ይህን በጊዜ ማወቅ ይቻላል። የጋቢናውን ወንበር አንሱ፣ ሞተሩ ሞቆ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ። ስስ እንፋሎት ቢኖር ችግር የለውም። ጭሱ ከሞተሩ ምት ጋር እየተከተለ ፉት ፉት ካለ፣ ወይም ከክዳኑ ሥር እንደ ሬንጅ የደረቀ ጥቁር ነገር በጥፍር ከተፋቀ፣ ወሸሩ ይቀየር፤ ካርተሩም ወርዶ ወንፊቱ ይታይ። ኢንጀክተር በወጣ ቁጥር ወሸሩ አዲስ መሆን አለበት። አሮጌውን በእሳት አግሎ መመለስ ጋራዥ ውስጥ የተለመደ ነው፤ እኛ ግን በፍጹም አንመክረውም። የወሸር ዋጋ ከሞተር ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ነዳጁን በተመለከተ፣ ጅማ ላይ እጥረት ሲመጣ ሁለቱ ሰልፎች ይለያያሉ። የቤንዚኑ ሰልፍ በባጃጅና በሞተር ሳይክል ይሞላል። የናፍጣው ደግሞ ቡና በሚለቀምበትና በሚጫንበት ወቅት በአይሱዙና በትላልቅ መኪኖች ይረዝማል። ሰልፉ ያማረረው ሰው መንገድ ዳር በሃይላንድ ወደሚሸጠው ይሄዳል፤ አደጋው ያለው እዚያ ነው። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ሞተሩን ያንኳኳል፣ ካንዴላ ያጠቁራል፤ ካንዴላው ሲቀየርና ታንከሩ ሲታጠብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ያበቃል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣ ግን ቅባቱ ስለሚቀንስ ከፍተኛ ግፊት የሚሠራውን ፖምፓና ኢንጀክተር ብረት በብረት ያፋጫል። ያ ጉዳት አይመለስም። በግድ ከመንገድ የገዛችሁ እንደሆነ ሁለት ቀላል ፈተናዎች አሉ። ቤንዚን ከሆነ ጥቂት ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጉ፤ ንጹሑ ቶሎ ተንኖ ይጠፋል፣ ጋዝ ያለበት የቅባት ክብ ይተዋል። ናፍጣ ከሆነ በንጹሕ ጠርሙስ አድርጋችሁ አሳድሩት፤ ውሃ ካለው ጠዋት ከሥር ለብቻው ተኝቶ ታገኙታላችሁ።

የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፣ እርጥበቱም ጎዶሎ ታንከር ውስጥ ጠል ይሠራል። የናፍጣ ባለቤት ክረምቱን ታንከሩን ከግማሽ በታች ባያወርድ ይሻለዋል። ከናፍጣ ማጣሪያው ሥር ያለውን ውሃ በየሁለት ሳምንቱ አፍስሱ፦ ሞተሩን አጥፉ፣ ከሥር ዕቃ ደቅኑ፣ የማፍሰሻውን ብሎን አንድ ዙር ያህል ብቻ አላሉ፣ የእጅ ፖምፓውን እየጫናችሁ ውሃው አልቆ ጥርት ያለ ናፍጣ እስኪወርድ ጠብቁ፣ ከዚያ በእጅ ብቻ አጥብቁ። በመፍቻ ካጠበቃችሁት የፕላስቲክ ጥርሱ ይበላል። የውሃ መብራቱ መንገድ ላይ ቢበራ «እቤት ስደርስ» አይባልም፤ ቁሙና አፍስሱ። ማጣሪያውን በየ10,000 ኪሎ ሜትር ቀይሩ፣ የሞተር ዘይቱን በሁለቱም መኪኖች በየ5,000። ናፍጣው 7 ሊትር ገደማ ይወስዳል፣ ቤንዚኑ 6 አይሞላም።

ቤንዚኑ ላይ የሚበላሸው ጥቂትና የታወቀ ነው። ታንከሩ ውስጥ ያለው የነዳጅ ፖምፓ የሚቀዘቅዘው በራሱ በነዳጁ ስለሆነ ሁልጊዜ መብራት እስኪበራ የሚነዳ ሰው ፖምፓውን ያቃጥላል። አቧራ መንገድ ላይ የአየር መለኪያ ሴንሰሩና የአየር መግቢያው በር ይቆሽሻሉ፤ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ መንቀጥቀጥ ከጀመረ እነሱን አስጠርጉ። ታይሚንጉ በካቴና ስለሆነ የሚቀየርበት ቀን የለውም። የናፍጣው በቺንጋ ነው፣ በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል፤ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ዳሽቦርዱ ላይ የቺንጋውን ጊዜ የሚያስታውስ መብራት አለ፤ ሻጭ ቺንጋውን ሳይቀይር መብራቱን ብቻ ሊያጠፋው ስለሚችል የተቀየረበትን ደረሰኝ ጠይቁ።

መኝታውን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የሃይስ የውስጥ ስፋት 1.5 ሜትር ገደማ ስለሆነ አዋቂ ሰው በጎን እግሩን ዘርግቶ አይተኛም፤ አልጋው በቁመት ይሠራ። 25 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ፣ 18 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ ይበቃል። ቱቦላሬው ከወለሉ ጋር በብሎን ይታሰር እንጂ አይበየድ፤ ቀን ቀን ለጭነት ስትፈልጉት ይወጣላችኋል። 40 ሊትር ውሃና ሁለተኛ ባትሪ ሲጨመር ጠቅላላ ክብደቱ 200 ኪሎ አካባቢ ይደርሳል። ይህ ክብደት በጭቃ ላይ ይታወቃል። ወደ ሊሙ ወይም ወደ ሰቃ ከአስፋልት ሲወጡ ናፍጣው 1ኛ ማርሽ ላይ ፍሪሲዮን ሙሉ በሙሉ ተለቆ እንደ ሰው እርምጃ ይሄዳል። ቤንዚኑ ላይ ሾፌሩ ፍሪሲዮን እያንሸራተተ ነው የሚወጣው፤ የፍሪሲዮን ሽታ ከመጣ ቆሞ ማሳረፍ ነው።

ከሁሉ በላይ አጥብቀን የምንናገረው ስለ መጠባበቂያ ነዳጅ ነው። የቤንዚን ጀሪካን በምንም ሁኔታ ሰው የሚተኛበት ቫን ውስጥ አይቀመጥ። ቤንዚን በየትኛውም የአገራችን አየር ጠባይ የሚቀጣጠል ተን ያወጣል፤ ናፍጣ ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ ያን አያደርግም። ናፍጣም ቢሆን ይሸታል፣ ከውጭ ይታሰር። የቡና ከሰልም በር ተከፍቶም ቢሆን ውስጥ አይግባ፣ ባትሪ ለመሙላት ተብሎም ሞተር እየሠራ አይተኛ፤ ሁለቱም የሚገድለውን ሽታ አልባ ጋዝ ያመርታሉ። ለባትሪው ጣራ ላይ 200 ዋት ሶላር ይሻላል። ግቤ ሸለቆም ሆነ የጅማ ዙሪያ ቆላው የወባ አገር ስለሆነ ለሁለቱ ጎን መስኮቶች በማግኔት የሚለጠፍ የአጎበር ጨርቅ አሰፉ። አየርም ያስገባል፣ ጠዋት መስታወቱ ላይ የሚንጠባጠበውን ላብም ይቀንሳል።

የእኛ ምርጫ ግልጽ ነው። ከሳምንቱ አብዛኛውን ቀን ከተማ ውስጥ የምትውሉ፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ አዲስ አበባ ወይም ቦንጋ የምትደርሱ ከሆነ ቤንዚኑን ግዙ፤ የሚጠጣውን ጭማሪ ነዳጅ ከጋራዥ ወጪ ታካክሱታላችሁ። በየሳምንቱ ግቤን የምትሻገሩ ወይም ቡና ገበያ ለገበያ የምትዞሩ ከሆነ ናፍጣው ነው መኪናችሁ። የኢንጀክተር መፈተሻ ማሽን ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መላክ ሊኖር እንደሚችል ግን ከወዲሁ አስቡ። መካኒክ ርቆ ወደሚገኝበት፣ ወደ ሚዛንና ከዚያም ወዲያ፣ አዘውትራችሁ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ቱርቦ የሌለው አሮጌው 5ኤል ናፍጣ አለ። ዳገት ላይ ቀርፋፋ ነው፣ ፖምፓው ግን ሜካኒካል ስለሆነ መካከለኛ ነዳጅ ይችላል፤ የትም ያለ የሚኒባስ መካኒክም ይፈታዋል። እሱን ስትገዙ ቴስታታው ሙቀት ነክቶት እንዳይሆን ተጠንቀቁ።

ያገለገለ ስታዩ ሻጩ ሞተሩን ሳያስነሳ እንዲጠብቃችሁ በስልክ ንገሩት። ስትደርሱ መጀመሪያ ሞተሩን በእጅ ዳስሱ፤ ለብ ካለ አስቀድሞ ተነስቷል ማለት ስለሆነ ሌላ ቀን ቅጠሩ። ቀዝቃዛ ከሆነ የራዲያተሩን ክዳን ከፍታችሁ አስነሱት፣ ወደ 2,000 ዙር ከፍ አድርጉት፤ ውሃው ሳያቋርጥ አረፋ ከደፈቀ ጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል። በጅማ አየር ጤነኛ ናፍጣ በመጀመሪያው ቁልፍ ይነሳል፣ ነጭ ጭሱም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይጠፋል። ከዚያ በላይ ከቆየ የማሞቂያ ካንዴላዎቹንና የኢንጀክተሮቹን የመመለሻ ፍሰት (ሳይረጭ ወደ ታንከሩ የሚመለሰውን ናፍጣ) አስለኩ፤ ዋጋ የምትነጋገሩት ውጤቱን ካያችሁ በኋላ ይሁን።