የመንዝ ባና ለሃርድኮር ባንድ የልምምድ ክፍል፦ ምኑን ያፍናል፣ ምኑን ይለቃል

ባና የብርድ ልብስ ነው። የመንዝን በግ ሱፍ ሴቶቹ ይፈትሉታል፣ ሸማኔ ይሠራዋል፣ ደጋ የሚያድር ሰው ይከናነበዋል። እዚህ የሚገመገመው ግን ግድግዳ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ወይም መሐል ሜዳ ከተማ ክፍል የተከራየ የሃርድኮር ሜታል (ፈጣንና ጩኸታም የሮክ ዓይነት) ባንድ ቢሰቅለው ምን ያገኝበታል? ለባንዱ ጆሮ ብዙ፣ ለጎረቤት ምንም። ገንዘቡን የሚያባክነው ለሁለተኛው ብሎ የሚገዛው ነው።

ችግሩ ከቤቱ ይጀምራል። 4 በ3 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር፣ ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ የብሎኬት ክፍል እንውሰድ። መሐሉ ላይ ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ። ከጭብጨባው ኋላ «ትርርር» የሚል ነገር ከተከተለ ሁለት ትይዩ ግድግዳዎች ድምፁን እየተቀባበሉት ነው። ግድግዳው ሸካራ፣ ኮርኒሱም አቡጀዲ የሆነ የጭቃ ቤት ከዚህ ይሻላል፤ ድሮ ቤት ብላችሁ አትናቁት። ሃርድኮር ደግሞ የክፍል ማስተጋባትን የማይችል ሙዚቃ ነው። ምቱ ፈጣን ነው፣ ጊታሩ ይቆራረጣል፣ ድምፃዊውም የሚጮኸው ቃሉ እንዲሰማ ነው። ፉከራ ላይ ቃሉ ካልተያዘ ፎካሪው ለምን እንደተነሣ አይታወቅም፤ እዚህም ያው ነው።

ሂሳቡን እንሥራው። የክፍሉ ይዘት 30 ሜትር ኩብ ነው። ግድግዳው ባዶ ሆኖ አራት ሰው ሲገባበት፣ 1,000 ኸርዝ (በሴኮንድ የንዝረት ብዛት) አካባቢ ያለ ድምፅ በ60 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) እስኪወርድ 1.3 ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። በደቂቃ 180 በሚመታ ዘፈን ከምት እስከ ምት ሲሶ ሴኮንድ ነው፤ የአንዱ ምት ጭራ ሳይጠፋ ሦስት ሌሎች ይደርቡበታል። ከግድግዳው 12 ካሬ ሜትር ያህሉ በታጠፈ ባና ሲሸፈን ጊዜው ወደ 0.4 ሴኮንድ ይወርዳል። ስሌቱ የቆመው ከባድ የታጠፈ መጋረጃ በዚያ ድምፅ ላይ ከሚያርፍበት 70 በመቶ ያህሉን ይውጣል በሚለው የተለመደ ቁጥር ላይ ነው። በእኛ ግምት ባና ከዚያ አያንስም፤ ክብደትም ሸካራነትም አለው።

ከጥራቱ ሌላ ጩኸቱም በ5 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም ለ85 ዴሲቤል የሚፈቅደው በቀን 8 ሰዓት ነው፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀነሳል። ስለዚህ 100 ዴሲቤል ላይ ያለው ገደብ 15 ደቂቃ ብቻ ሲሆን፣ 95 ላይ 45 ደቂቃ አካባቢ ይሆናል። ድራመሩ ግን ከዚህ ብዙም አይጠቀም። ሲምባሉ (የድራሙ የብረት ሳሕን) ከጆሮው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ስለሆነ ግድግዳው ቢለሰልስም ባይለሰልስም በቀጥታ ይመታዋል። እሱ የጆሮ መሰኪያ ያድርግ።

አሰቃቀሉ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ባናውን ወጥሮ ግድግዳው ላይ በሚስማር መምታት ግማሹን ጥቅም መጣል ነው። ድምፅ ግድግዳው ጋ ሲደርስ የአየሩ እንቅስቃሴ ዜሮ ነው፤ ጨርቅ የሚሠራው ደግሞ አየር በቃጫው መሐል ሲመላለስ ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ባና ሲምባሉን ይቀንስና ጊታሩን እንዳለ ይተወዋል። በ10 ሳንቲ ሜትር ስታርቁት ከ850 ኸርዝ አካባቢ ጀምሮ በሙሉ አቅሙ ይሠራል፤ በ20 ሳንቲ ሜትር ይህ ወደ 430 ይወርዳል። የድምፃዊው ጩኸትና የጊታሩ ንክሻ ያሉት እዚያ ስለሆነ፣ ቦታ ካላችሁ 20 ይሻላል።

ለመስቀያ ቀጭን አጣና ይበቃል። ከግድግዳው 20 ሳንቲ ሜትር ወጥቶ በሁለት የእንጨት ክንድ ላይ ይጋደማል፣ ባናው በላዩ ታጥፎ ይንጠለጠላል። አጣናው እርጥብ ከሆነ እየደረቀ ይጠማዘዛል፤ የደረቀ ምረጡ። የብሎኬት ግድግዳ ሚስማር አይዝም፣ በድሪል ተበስቶ ፊሸር ይገባበታል። የባናው ስፋት ከሚሸፍነው ግድግዳ በእጥፍ ቢበልጥ ጥሩ ነው፤ ሦስት ሜትር ጨርቅ አንድ ሜትር ተኩል ላይ ተሸብሽቦ ይውረድ። ሽብሽቡ ጌጥ አይደለም፣ ጨርቁን ያወፍረዋል። ለ12 ካሬ ሜትር ግድግዳ እንግዲህ 24 ካሬ ሜትር ጨርቅ ያስፈልጋል። የባና መጠን ከሸማኔ ሸማኔ ስለሚለያይ ገበያ ስትወጡ ሜትር ያዙ። ያገለገለ ባና ለዚህ ሥራ ከአዲስ አያንስም፤ ከረገጡትና ካሳሱት ብቻ ተዉት። ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ስታዩት ብዙ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ለግድግዳ አይሆንም።

ሁሉንም ግድግዳ አትሸፍኑ። ከሁለቱ ትይዩ ግድግዳዎች አንዱን፣ ከዚያ የድራሙን ጀርባ፣ ከዚያ የድምፃዊውን ጀርባ። ሦስተኛው ሰው የሚዘነጋው ነው። እንደ ሹር ኤስኤም58 ያለ ማይክ ከፊቱ ይሰማል፣ ከኋላው አይሰማም። ፊቱ ወደ ድምፃዊው ስለሆነ ከአፉ ሌላ የሚሰማው ከጀርባው ያለውን ግድግዳ ነው። ያ ግድግዳ ባዶ ከሆነ የስፒከሩ ድምፅ ነጥሮ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ይገባና ያፏጫል። አንድ ባና ብቻ መግዛት ከቻላችሁ እዚያ ስቀሉት። (የማይኩን ራስ በመዳፍ ጨብጦ መጮህ የተለመደ ሆኗል። የማይኩን የኋላ ቀዳዳ ስለሚደፍን ከሁሉም አቅጣጫ መስማት ይጀምራል፤ ያን ፉጨት ባና አያድነውም።)

ቤዝ ላይ ባና ይሸነፋል። ያው ከባድ መጋረጃ በ125 ኸርዝ የሚውጠው 15 በመቶ አካባቢ ነው፣ ከዚያ በታች ይብሳል። ጊታሩ ድሮፕ ሲ በሚባለው ዝቅ ያለ ቅኝት ሲቃኝ ወፍራሙ ክር 65.4 ኸርዝ ነው፣ ቤዙ የዚያ ግማሽ። በጨርቅ ለመያዝ ከግድግዳው ከአንድ ሜትር በላይ ማራቅ ያስፈልግ ነበር፤ ክፍሉ ራሱ ሦስት ሜትር ነው። በአጋጣሚ ከግድግዳ ግድግዳ 2.6 ሜትር የሆነ ክፍል ከያዛችሁ 66 ኸርዝ ላይ ራሱ ያጉረመርማል። ያ ኖታ ሲመታ ቤቱ ይሞላል፣ ቀጥሎ ያለው ይጠፋል፣ ቤዚስቱም ሳያጠፋ ይወቀሳል። ርዝመቱና ስፋቱ እኩል የሆነ ክፍልም ሁለቱ ጉርምርምታዎች አንድ ቦታ ስለሚወድቁ የባሰ ነው። መፍትሔው ያልተፈተለ ሱፍ ነው። ጆንያ ሙሉ ሱፍ ሳይጠቀጠቅ፣ ውፍረቱ ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር ሆኖ፣ በማዕዘኖቹ ከወለል እስከ ኮርኒስ ይደርደር። ጆንያው የቃጫ ይሁን፤ አየር የማያሳልፍ ላስቲክ ካለበት ሱፉ ሥራ የለውም። በሱፍ ፈንታ የገብስ ጭድ መሙላት ርካሽ ነው፣ ግን አይጥ ይራባበታል፣ አንድ የኤሌክትሪክ ብልጭታም ይበቃዋል። ይህ ሁሉ ከማድረጋችሁ በፊት የቤዝ አምፑን ከማዕዘን አውጡት፤ በነጻ የሚገኝ ለውጥ ነው።

ጎረቤትን በተመለከተ፣ ድምፅ እንዳያልፍ የሚያግደው ክብደትና ቀዳዳ አለመኖር ነው። ግድግዳ ክብደቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚያግደው 6 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል፤ ከብሎኬት አጠገብ የባና ክብደት ምንም ነው። ድምፁ የሚወጣው በበሩ ሥር፣ በመስኮቱ ጠርዝና ከሁሉ በላይ በቆርቆሮው ነው። በር ሥር ያለችውን ጣት የምታስገባ ክፍተት በጎማ መዝጋት አሥር ባና ከመስቀል ይበልጣል። ጣሪያው ላይ የላላ ቆርቆሮ ካለ በቤዙ እየተንቀጠቀጠ እንደ ተበላሸ ስፒከር ይንጫጫል፤ ባንዱ አምፑን ፈቶ ከማየቱ በፊት ወደ ላይ ይመልከት። የቀረው በስምምነት የሚያልቅ ነው። በቅዳሴ ሰዓት አይመታም። ሰፈር ውስጥ የለቅሶ ድንኳን ከተተከለ ልምምዱ ይቀራል፤ ለጎረቤቱ ሐዘን ያልቆመ ባንድ ስለ አንድነት ቢጮህ ማን ይሰማዋል?

ከሌሎቹ አማራጮች ጋር ስናስተያየው፣ የእንቁላል ካርቶን ስሙ ነው እንጂ ሥራ የለውም፤ ቀጭን ወረቀት ስለሆነ ከላይኛው ድምፅ ጥቂት ይነካና ያበቃል። የፍራሽ ስፖንጅ ድምፅ ይውጣል፣ ግን አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 2003 አሜሪካ፣ ሮድ አይላንድ ውስጥ ዘ ስቴሽን በተባለ ክለብ የመድረክ ርችት ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ስፖንጅ አቀጣጥሎ 100 ሰው ሞቷል። ባና እዚህ ላይ በግልጽ ይበልጣል። ሱፍ ለመቀጣጠል እምቢተኛ ነው፣ እሳቱ ሲወሰድበት አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል፣ ቀልጦም አይንጠባጠብም። ጨርሶ አይቃጠልም ማለት ግን አይደለም፤ ከማሞቂያና ከአምፑ ጀርባ አርቁት። የፋብሪካ ብርድ ልብስ ሱፍ ከሆነ ይሠራል፤ ፖሊስተር ከሆነ ቀሎ ይገኛል፣ ቀልጦም ይንጠባጠባል። ቡልኮ ድምፅ በመዋጥ ከባና አይርቅም፣ ነገር ግን ጥጥ ስለሆነ እሳት ይወዳል።

የባና ሕመሙ ብል ነው። ትሉ የሚበላው ሱፉን ራሱን ነው፣ የሚወደውም ጨለማና የማይነካ ቦታ ስለሆነ የልምምድ ክፍል ይመቸዋል። በወር አንዴ አውርዳችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት፣ በዱላ አራግፉት፣ እጥፋቱን በብሩሽ ጥረጉት። የደብረ ብርሃን ውርጭ ይገድለዋል ብላችሁ አትመኑ፤ ብል በብርድ የሚሞተው እንደ ፍሪዘር ባለ ቅዝቃዜ ለቀናት ሲቆይ ነው። ሲታጠብ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ፤ በሙቅ ውኃ ከታሸ ይኮማተራል። ክረምት ላይ ሱፍ ከክብደቱ ሲሶ የሚያህል እርጥበት ሲይዝ እንኳ በእጅ አይታወቅም፤ ጠረኑ ግን ይናገራል። የሲጋራ ጢስም ይዞ አይለቅም። አረቄ በሚወጣበት አገር «ስትሬት ኤጅ» የሚባለውን የሃርድኮር መርህ፣ አለመጠጣትንና አለማጨስን፣ ማስረዳት አስቸጋሪ ሊሆን ይችላል፤ ክፍሉ ውስጥ አለማጨስን ግን ባናው ራሱ ያስገድዳል።

መርህ ካነሣን፣ ባና ለሃርድኮር እንግዳ አይደለም። ዲስኮርድ የተባለው የሃርድኮር ሙዚቃ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1980 ዋሽንግተን ውስጥ ሲቋቋም ወጣቶቹ የራሳቸውን ሸክላ ራሳቸው ሊያወጡ ነበር፤ ከመንደር ሸማኔ ገዝቶ በገዛ እጅ መስቀል ያው መንገድ ነው። የዚያው ከተማ ባንድ ባድ ብሬይንስ ራስታ ነበሩ፣ የሚያከብሯቸው ንጉሥ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም የአባታቸው እናት የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ናቸው። ከአንኮበር እስከ ሃርድኮር መንገዱ ሰው ከሚያስበው ያጥራል።

የሚያከራክረው የቪጋኖቹ ጉዳይ ነው። እንደ ኧርዝ ክራይሲስ ያሉት የሃርድኮር ባንዶች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያስፋፉት ሐሳብ ከእንስሳ የሚገኝን ሁሉ ይተዋል፤ ምግቡን ብቻ አይደለም። ምግቡ እኛ ዘንድ ቀላል ነው፣ ረቡዕና ዓርብ የትኛውም ምግብ ቤት ሽሮና ምስር አለ። የእኛ ጾም ግን ሱፍ መልበስን አይከለክልም፣ የእነሱ ይከለክላል። አንድ አባል እንኳ በዚህ የሚጸና ከሆነ ቡልኮ ስቀሉ፤ ርቀቱም ሽብሽቡም ያው ነው። በማዕዘኑ ጆንያ ውስጥ በሱፉ ፈንታ የተባዘተ ጥጥ ይግባ፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውም ከጨርቁ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ።