«525 ጥይት በ42 ዶላር»፦ ለጓሮ አውሬ ብላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት

አሜሪካ ውስጥ ከከተማ ወጣ ብላችሁ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት የገዛችሁ ወገኖች፣ ግራውንድሆግ የሚባለው ጉድጓድ ቆፋሪ አውሬ ጎመናችሁን እያጨደ፣ ከዕቃ ቤቱ ሥር ጉድጓድ እየማሰ ሲያስመርራችሁ መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፈው ትልቁ ሳጥን ላይ ነው። «ለተባይ የሚሆን 22 ሎንግ ራይፍል፣ 525 ጥይት በ42 ዶላር» ይላል፤ 22 ሎንግ ራይፍል ትንሽና የተለመደ የጠመንጃ ጥይት ነው። ለዚህ ሥራ አትግዙት።

ሒሳቡን እንየው። በዚህ ዋጋ አንዱ ጥይት 8 ሳንቲም ነው። 50 የሚይዘው የተሻለ ፓኬት 7 ዶላር ቢሆን አንዱ 14 ሳንቲም ይደርሳል። ግራውንድሆግ የሚያስቸግረው ሰው ለአውሬው ብቻ በዓመት 50 ጥይት አይጨርስም። ስለዚህ ያተረፈው 3 ዶላር ነው፤ ለዚያውም 475 ጥይት መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ። ቆርቆሮ እየመቱ ለመለማመድ ከሆነ ግን ትልቁ ሳጥን አይከፋም።

ሳጥኑ ውስጥ ጥይቱ እንደ ሽምብራ ልቅ ሆኖ ነው የሚፈሰው። ከፋብሪካ እስከ ሱቅ ሲንገጫገጭ ለስላሳው እርሳስ እርስ በርሱ ይጋጫል። አንድ እፍኝ አውጡና ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግታችሁ በደንብ ተመልከቱት። ጫፉ የተጨፈለቀ፣ ጎኑ የተፋቀ፣ አየር በልቶት ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር የወጣበት ልታገኙ ትችላላችሁ። ቀለሁን ይዛችሁ አረሩን በጣታችሁ ስትነኩት የሚወዛወዝም አይጠፋም። የ22 አረር ግርጌው ቀጠን ብሎ ቀለሁ ውስጥ ይገባል፤ የሚይዘውም የቀለሁ አፍ ብቻ ስለሆነ ቶሎ ይላላል። የሚወዛወዘውን አትተኩሱት።

መክሸፉም ከዚሁ ርካሽነት ይመጣል። የ22 ጥይት ሪምፋየር የተባለው ባሩዱን የሚለኩሰው ቅመም ቀለሁ ግርጌ፣ ጠርዙ ውስጥ ስለሚቀመጥ ነው። ቅመሙ እርጥብ እያለ በሽክርክሪት ወደ ጠርዙ እንዲሰራጭ ይደረጋል። ያልደረሰበት ባዶ ቦታ ከቀረና መምቻው እዚያ ላይ ካረፈ ጥይቱ ይከሽፋል። በዚህ ጊዜ አፈሙዙን ወደ አፈሩ እንዳዞራችሁ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቁ። ዘግይቶ የሚፈነዳ ስላለ ወዲያው ከፍቶ ማውጣት ፊትን ለአደጋ መስጠት ነው።

ከሁሉም የሚብሰው ግን የፍጥነት መዋዠቅ ነው። አንዱ ጥይት በሰከንድ 1,050 ጫማ፣ ቀጣዩ 1,150 ጫማ ቢሄድ 50 ያርድ ላይ የሚያርፉበት ከፍታ ከአንድ ሴንቲሜትር ተኩል በላይ ይለያያል። በኢላማ ወረቀት ላይ ምንም አይደለም። ግራውንድሆጉ ሳይሰቃይ በአንድ ጥይት እንዲሞት መመታት ያለበት ቦታ ግን በዓይኑና በጆሮው መሀል ያለው ነው፤ ከሎሚ አይሰፋም። ያንን የሳተ ጥይት አውሬውን ያቆስለዋል፣ አውሬውም ጉድጓዱ ገብቶ ቤታችሁ ሥር እየማቀቀ ይሞታል።

በርካሹ ሳጥን አንዳንድ ጊዜ የሚገኘው አረር ጫፉ ድቡልቡል የሆነ፣ 40 ግሬይን የሚመዝን ጠጣር እርሳስ ነው። በስቶ ማለፍ ይወዳል፤ ድንጋይ ወይም የደረቀ መሬት ሲነካም ይነጥራል። የ22 ጥይት እስከ 1 ማይል ተኩል፣ ማለትም ወደ 2.4 ኪሎሜትር ሊሄድ እንደሚችል የሚያስጠነቅቀው ጽሑፍ ለጌጥ የተጻፈ አይደለም። ከዒላማው ጀርባ አረሩን የሚውጥ የአፈር ቁልል ከሌለ አይተኮስም። ዛፍ ላይ ወዳለ አውሬማ ከናካቴው አይተኮስም፤ የሳተው የት እንደሚወድቅ የሚያውቅ የለም።

ሻጮች ደግሞ «በጣም ፈጣኑን ውሰድ» ይላሉ። 32 ግሬይን ሆኖ በሰከንድ 1,640 ጫማ የሚሄደው ስቲንገር ለዚህ ይጠቀሳል። አረሩ ባዶ ጫፍ (ጫፉ የተቦረቦረ) ስለሆነ ይፈርሳል፣ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 1,125 ጫማ ገደማ ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ የሚሄድ ሁሉ አየሩን ሰንጥቆ እንደ ጅራፍ ይጮሃል። ጎረቤት ፖሊስ የሚጠራው ያንን ሰምቶ ነው። ቀለሁም ከተለመደው ስለሚረዝም ለውድድር ጠባብ ተደርጎ የተሠራ የጠመንጃ ጎሬ (ጥይቱ የሚቀመጥበት ቦታ) ውስጥ አይገባም፤ በግድም አይከተትም።

በተቃራኒው «ድምፅ የለሽ» የሚባለውን ስትገዙ ከፊት ለፊት ያለውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የሳጥኑን ጀርባም አንብቡ። ኮሊብሪ የሚባለው ባሩድ የለውም፤ 20 ግሬይን አረሩን የሚገፋው የለኳሹ ቅመም ብቻ ነው። የተሠራውም ለሽጉጥ ነው። በረጅም የጠመንጃ አፈሙዝ ውስጥ ጉልበቱ አልቆ አረሩ መሀል ላይ ይቀራል። ተኳሹ የሳተ መስሎት ሌላ ሲደግም አፈሙዙ ያብጣል ወይም ይሰነጠቃል። ከተለመደው የቀለለ ድምፅ ከሰማችሁና ወረቀቱ ላይ ቀዳዳ ካጣችሁ አቁሙ፣ ጥይቱን ሁሉ አውጡ፣ ከዚያ በመጥረጊያ ዘንግ አፈሙዙ ክፍት መሆኑን አረጋግጡ።

ባሩድ ያላቸው ጸጥተኞችም አሉ፤ 40 ግሬይን በሰከንድ 710 ጫማ የሚሄዱ። በእጅ በሚጎርስ ጠመንጃ ደህና ናቸው፤ በግማሽ አውቶማቲክ ግን ቀለሁን ለማስወጣት ጉልበት ያንሳቸዋልና መሣሪያው ይነክሳል። 60 ግሬይን የሆነውን ረጅም አረር ደግሞ አብዛኛው የ22 ጠመንጃ አያረጋጋውም። የጠመንጃው ጥምዝ (አፈሙዙ ውስጥ ተቀርጾ አረሩን የሚያሽከረክረው ቦይ) በ16 ኢንች አንድ ዙር ሲሆን አረሩ የሚፈልገው በ9 ኢንች አንድ ዙር ነው። ወረቀቱን በጎኑ ቀድዶ ሲያልፍ ታዩታላችሁ።

ከሎንግ ራይፍል የሚበረቱት 22 ማግነምና 17 ኤች ኤም አር የተባሉት ጥይቶች ለእርሻ ሜዳ ናቸው። «22 ያው 22 ነው» ብሎ ሎንግ ራይፍሉን በማግነም ጠመንጃ የሚያጎርስ ሰው ካለ አስቁሙት። ጎሬው ይሰፋዋልና ቀለሁ ይሰነጠቃል፣ ትኩስ ጋዝም ወደ ተኳሹ ይመለሳል።

መግዛት ያለባችሁ ከ38 እስከ 40 ግሬይን የሆነ፣ ጫፉ ባዶ፣ በሰከንድ 1,050 ጫማ አካባቢ የሚሄድ ሰብሶኒክ (ከድምፅ ፍጥነት በታች የሚሄድ ጥይት) ነው፤ በማስቀመጫው ተደርድሮ ባለ 50 ፓኬት የሚሸጠውን። ከሦስት ፋብሪካ አንዳንድ ፓኬት ይበቃል። በተኩስ ሜዳ ከእያንዳንዱ መጀመሪያ 10 ጥይት ተኩሱ፤ የጥይቱ ቅባት ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ አፈሙዙ እስኪለምደው ነው። ከዚያ አምስት አምስት ጥይት 50 ያርድ ላይ ሞክሩ። አምስቱንም በአንድ ኢንች ውስጥ የሰበሰበው ለእናንተ ጠመንጃ ትክክለኛው ነው። ጎረቤታችሁ የመረጠው በእናንተ ጠመንጃ ላይበጅ ይችላል፤ ሁለት አንድ ዓይነት ጠመንጃዎች እንኳ ምርጫቸው ይለያያል። ባዶ ጫፍ ቢሆንም በዚህ ፍጥነት ሁልጊዜ አይከፈትም፣ ስለዚህ ከ50 ያርድ አትራቁ።

ለአይጥ ጥይት አያስፈልግም፤ በሚመላለስበት ቦታ የተደረደረ ወጥመድ ይበልጣል።

ሕጉን ከዋጋው በፊት ጠይቁ። በአብዛኛው የከተማ ክልል ውስጥ መተኮስ ክልክል ነው፤ የካውንቲያችሁን ደንብ ደውላችሁ አጣሩ። ስኩዊረል በብዙ ስቴቶች የራሱ የአደን ወቅት አለው። ከወፎች የከተማ እርግብን፣ ስታርሊንግንና የቤት ድንቢጥን የ1918ቱ የፌዴራል የተሰዳጅ ወፎች ሕግ አይጠብቃቸውም፤ ግንደ ቆርቁርን ጨምሮ አብዛኞቹን ግን ይጠብቃል። ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 1 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዱር እንስሳ በእርሳስ ጥይት መግደልን ከልክላለች፤ ጓሮ የሚያጠፋውን አውሬ ጭምር። እዚያ የምትኖሩ ርካሹን የእርሳስ ሳጥን ብትገዙ ለአውሬው ልትጠቀሙበት አትችሉም። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ደግሞ የተመዘገበ መሣሪያ የሌለው ሰው ጥይት መያዝ አይችልም።

ይህን በተለይ ለወገን ንገሩ፦ በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በጊዜያዊ ሥራ ቪዛ የገባ ሰው፣ እንደ አደን ፈቃድ ያለ በሕግ የተለየ ሁኔታ ከሌለው በስተቀር፣ በፌዴራል ሕግ መሣሪያም ጥይትም መያዝ አይፈቀድለትም። ዘመድ ገዝቶ ቢሰጠውም ያው ነው። ለግሪን ካርድ ባለቤት ይህ ክልከላ የለም።

በኢንተርኔት የምታዩት ዋጋ ከሌላው በግማሽ ካነሰ፣ ክፍያውም በዜል፣ በካሽ አፕ ወይም በስጦታ ካርድ ብቻ ከሆነ ገንዘባችሁ ይቀልጣል። ዕድሜ የማይጠይቅ፣ «በፖስታ ቤት እልካለሁ» የሚል ሻጭም እንዲሁ፤ የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት ጥይት አይቀበልም። ከሱቅ ስትገዙም መጀመሪያ ባለ 50ውን ፓኬት ብቻ ውሰዱ፤ ከበር የወጣ ጥይት በአብዛኛው ተመልሶ አይገባም፣ ከጠመንጃችሁ ጋር ያልተስማማው 525 ሙሉውን እቤታችሁ ይቀራል።