በካውያ የሚለጠፈው ኤጅ ባንድና መቁረጫው፦ አንዱን ወደድኩት፣ ሌላው መሳቢያ ውስጥ ነው

የኪችን ካውንተራችን ሁለቱ ጫፎች ለወራት ራቁታቸውን ነበሩ። ካውንተሩ በልክ ሲቆረጥ የተጋለጠው ቺፕውድ እንዳለ ቀርቶ፣ በአጠገቡ ያለፈ ሁሉ በክርኑ ፍርፋሪውን ያራግፈዋል። ነገ እሠራዋለሁ፣ ነገ እሠራዋለሁ ስል ከረምኩ። በመጨረሻ አናጺ ከመጥራቴ በፊት እስቲ ራሴ ልሞክረው ብዬ፣ ጀርባው ላይ ሙጫ ያለውን በካውያ የሚለጠፍ ኤጅ ባንድ፣ ማለትም የተቆረጠ ጠርዝ የሚሸፍን ስስ ጥብጣብ፣ አንድ ጥቅል ገዛሁ፤ ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ስፋቱ 44 ሚሊሜትር። ትርፉን ከሁለቱም በኩል በአንድ ጊዜ ይላጫል የተባለውን የፕላስቲክ መቁረጫም አብሬ አነሳሁ።

ካውንተሬ 38 ሚሊሜትር ይወፍራል። ስለዚህ ከላይም ከታችም 3፣ 3 ሚሊሜትር ይተርፋል። ይሄ ትርፍ ሆን ተብሎ የሚሰጥ ነው፣ እጅ ትንሽ ቢያጋድል እንኳ ቺፕውዱ ሳይሸፈን እንዳይቀር። ትክክለኛውን ልክ ፈልጌ አጣሁ ብላችሁ አትናደዱ፣ በልኩ ቢሆን ኖሮ የባሰ ትናደዱ ነበር።

መለጠፉ ከፈራሁት በላይ ቀላል ነው። መጀመሪያ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት አስተካክዬ፣ ብናኙን በብሩሽ ጠረግኩ። ካውያውን የጥጥ ልብስ የሚተኮስበት ሙቀት ላይ አደረግኩና እንፋሎቱን ዘጋሁት። እንፋሎቱን አደራ! ቺፕውድ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ አንዴ ካበጠ ደግሞ ቢደርቅም ወደ ድሮ መልኩ አይመለስም። ከዚያ ኤጅ ባንዱን 65 ሴንቲሜትር አድርጌ ቆረጥኩ፣ የካውንተሩ ወርድ 60 ስለሆነ ከዳርና ከዳር ትንሽ እንዲተርፈኝ። በላዩ ስስ ወረቀት አድርጌ ካውያውን ቀስ እያልኩ ማንሸራተት ጀመርኩ። አንድ ቦታ አቁሞ መጫን አያዋጣም፤ የካውያው ሆድ ላይ ያሉት የእንፋሎት ቀዳዳዎች ሙቀት ስለማይሰጡ በእነሱ ልክ ሙጫው ሳይቀልጥ ይቀራል። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ «ነገ በዚህ ካውያ ሸሚዝ ሊተኮስ ነው?» አለች። ወረቀቱን ያስገባሁት ለዚያ ነው አልኳት። እውነቱን ለመናገር፣ ያስገባሁት ኤጅ ባንዱ ላይ የቃጠሎ ምልክት እንዳይወጣ ነበር።

ሙጫው ሲቀልጥ በጠርዙ በኩል ቀጭን ሆኖ ብቅ ይላል። ያኔ ካውያውን አንስቶ፣ ለስላሳ የእንጨት ቁራጭ ይዞ ሳይበርድ አጥብቆ ማሸት ነው። ሲበርድ በጥፍር ኳ ኳ አድርጋችሁ ፈትሹት። የያዘው ቦታ ደፈን ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ያልያዘው ደግሞ ባዶ ድምፅ ያሰማል። እኔ ጋ አንድ ቦታ ላይ፣ የአውራ ጣት የሚያክል፣ ሙጫው ከፋብሪካው ጭራሽ ሳይቀባ አልፏል። ደጋግሜ ብተኩሰው ምንም። መጨረሻ ላይ በክብሪት እንጨት ትንሽ ማስቲሽ አስገብቼ ነው የዘጋሁት። ጥቅሉን ስትገዙ ፈታ አድርጋችሁ ጀርባውን እዩት፣ የሚያብለጨልጨው ነገር ዳር እስከ ዳር ካልደረሰ መልሱት።

እስኪበርድ ጠብቄ ወደ ቆረጣው ሄድኩ። ጉዱ ያለው እዚህ ነው።

መቁረጫው ሁለት ክንፍ ያለው፣ እንደ መቆንጠጫ ተጭኖ የሚገፋ ነገር ነው፤ በእያንዳንዱ ክንፍ ውስጥ ትንሽ ምላጭ አለ። ማሸጊያው ላይ ያለው ሥዕል አንድ ጊዜ ሲገፉት ትርፉ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ተጠቅልሎ ሲወጣ ያሳያል። እኔ ጋ የመጀመሪያዎቹ 10 ሴንቲሜትር እንደ ሥዕሉ ሄዱልኝ። ከዚያ ምላጩ ከመስመሩ ወጣና ወደ ውስጥ ገባ። ጭረቱ ትርፉ ላይ ሳይሆን የሚቀረው ላይ ሆነ። ኤጅ ባንዱ የተሠራበት ስስ ሜላሚን በሙጫ የራሰ ወረቀት እኮ ነው፣ አንዴ መሰንጠቅ ከጀመረ የት እንደሚቆም አይታወቅም። 38 ሚሊሜትር ላይ ደግሞ ሁለቱን ክንፍ እኩል ጨምቆ መያዝ ራሱ ጣት ያደክማል፣ ትንሽ ሲላላ ምላጩ ይዘላል።

በካውያ የሚለጠፈው ያስደሰተኝ ግን እዚህ ላይ ነው። መልሼ አሞቅኩት፣ ሙጫው ላላ፣ ቀስ ብዬ ላጥኩት። 65 ሴንቲሜትር ብቻ ነው የከሰርኩት። በማስቲሽ ለጥፌው ቢሆን ኖሮ ከቺፕውዱ ጋር ተቦጫጭቆ ነበር የሚወጣው።

በሁለተኛው ሙከራ መቁረጫውን ተውኩትና ከድሮ ዕቃ ሳጥኔ ውስጥ ጠፍጣፋ ሞረድ አወጣሁ። ካውንተሩ እንዳይጫር ከጠርዙ ገባ ብዬ የወረቀት ፕላስተር ለጠፍኩ። ሞረዱን ጋደም አድርጎ፣ ወደ ፊትና ወደ ታች፣ ማለትም ኤጅ ባንዱን ወደ ቺፕውዱ እየተጫኑ መግፋት። ሲመለስ ማንሳት። ወደ ራስ እየጎተቱ ከሞረዱ ኤጅ ባንዱ ከሥሩ እየተነሳ ይሸረፋል፣ የብዙ ሰው ሥራ የሚበላሸው በዚህች መመለሻ ይመስለኛል። ድምፁንም ስሙት። ትርፉ እያለ ክርክር፣ ክርክር ይላል፤ ከካውንተሩ ጋር እኩል ሲደርስ ድምፁ ይለሰልሳል። ያኔ አቁሙና ሞረዱን 45 ዲግሪ ያህል አጋድላችሁ ሁለት ሦስቴ ብቻ አሳልፉት፣ ስለቱ እንዲሞት። ጥፍራችሁን ከላይ ወደ ጎን ስታንሸራትቱ ምንም ካልያዘው አልቋል።

የካውንተሬ የፊት ጠርዝ ደግሞ ዞር ያለ ነው፣ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ አይደለም። መቁረጫው እዚያ ጋ ሲደርስ ምንም ማድረግ አይችልም፣ የተሠራው ለቀጥታ ነው። ሞረዱ ግን ኩርባውን ተከትሎ ሄደ። ጊዜ ይፈጃል፣ አምስት ስድስቴ ገፋ እያደረጉ አቅጣጫውን መቀየር ነው። የማሸጊያው ሥዕል ላይ ይሄ ኩርባ የለም።

አንድ ጊዜ ሞረዱን አብዝቼው ከላይኛው ፎርማይካ ሥር ቡናማ መስመር ብቅ አለ። ያበላሸሁ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ለካ የፎርማይካው የራሱ አካል ነው፦ ቀለሙና ሥዕሉ ላይኛው ስስ ንጣፍ ላይ ብቻ ነው ያለው፣ ከሥር ያለው በፊኖሊክ ሙጫ ተነክሮ በሙቀትና በግፊት የተጨመቀ ቡናማ ወረቀት ነው። ነገሩ ሲፈጠር ጭራሽ ለኪችንም አልነበረም። የፎርማይካ ኩባንያ በ1913 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት ለኤሌክትሪክ መከለያ ማይካ በሚባለው ማዕድን ምትክ የሚሆን ነገር ነበር የሚያመርተው፣ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው፤ «ፎር ማይካ»፣ ለማይካ ምትክ እንደማለት። ለማንኛውም መስመሩን በተቀራራቢ ቀለም ማርከር አለፍ አለፍ አደረግኩበት፣ አሁን እኔም ፈልጌ ነው የማገኘው።

ሁለተኛው ጫፍ ምድጃው አጠገብ ነው። እዚያ ይሄንን ኤጅ ባንድ አልሞከርኩም። በሙቀት የቀለጠ ሙጫ በሙቀት መልሶ ይላላል፣ ስለዚህ ምድጃ ጎን ወይም የዕቃ ማጠቢያ ማሽን እንፋሎት የሚመታው ቦታ ላይ አልመክርም። ከካውንተሩ ጋር የመጣ ሙጫ አልባ የፎርማይካ ቁራጭ ስለነበረኝ በማስቲሽ ለጠፍኩት። ቺፕውዱ የመጀመሪያውን ቅብ እንዳለ ጠጣው፣ ሲደርቅ ሁለተኛ ደገምኩት። ቁራጩንም ቀባሁ፣ ከዚያ ሁለቱም ጣት ላይ እስከማይይዙ ድረስ 15 ደቂቃ ያህል ጠበቅኩ። ከተነካኩ በኋላ ማስተካከል የለም፣ እንደወደቀ ነው የሚቀረው። ማስቲሹ ሽታው ራስ ያዞራል፣ እሳትም ይይዛል፤ መስኮት ከፍቶ ምድጃውን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ግድ ነው። ፎርማይካው ከሜላሚኑ ስለሚጠነክር ሞረድ መግፋቱ እጥፍ ጊዜ ወሰደብኝ፣ ግን አንድም ቦታ አልተሰነጠቀም።

እንግዲህ ነጥቤ። ኤጅ ባንዱ ከ5 ውስጥ 4፤ አንዷን የቀነስኩት በሙጫው ክፍተት ነው። መቁረጫው 2፣ ያውም ልቤ ራርቶ።

ከጥቅሉ 3 ሜትር ከ70 ተርፎኛል። 44 ሚሊሜትሩን በከተር መሃል ለመሃል ስሰነጥቀው 22፣ 22 ወጣው፤ ለመጽሐፍ መደርደሪያዬ 18 ሚሊሜትር ቺፕውድ ልክክ አለ። መቁረጫውንም ከመሳቢያ አውጥቼ እዚያ ላይ ሞከርኩት። ሁለቱን ክንፍ ለያይቼ፣ አንዱን ጎን ብቻ፣ ቀስ እያልኩ ስገፋው እንደ ሥዕሉ ተጠቅልሎ ወጣ። ስለዚህ 2ቱን ወደ 2.5 ከፍ አድርጉልኝ።