ሬዲዮ ያለው የጆሮ መከላከያዬ፦ ከ8 ወር በኋላ

ባለፈው ሳምንት ማታ ጋደም እንዳልኩ የሆነ ነገር "ጢ...ን" አለ። ቤቱ ጭር ብሏል። ለካ የሚጮኸው የራሴ ጆሮ ነው። ቀኑን ሙሉ ደግሞ መከላከያዬን አላወለቅኩም።

አልዋሽም፣ የገዛሁት ለሬዲዮው ብዬ ነው። ሻጩም ያወራልኝ ስለ ሬዲዮው ነበር። ኤፍኤሙ ጥርት ያለ ነው፣ ባትሪው ይቆያል፣ ድምፁ 82 ዲሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ላይ ስለሚገደብ ጆሮ አይጎዳም። እሺ፣ ይሁን። ስለ ትራሱ ግን ትንፍሽ አላለም።

ትራስ የምለው ጆሮን ዙሪያውን የሚያቅፈውን ለስላሳ ቀለበት ነው። እሱ ካልገጠመ የቀረው ጌጥ ነው። የእኔው በላብና በሳጋቱራ ደርቆ እንደ አሮጌ ጫማ ተሰነጣጥቋል። ጭራሽ ወፍራሙ የመነጽሬ ዘንግ ከሥሩ ገብቶ ክፍተት ፈጥሮለታል።

እኔን ያናደደኝ ሳላውቅ መክረሜ ነው። የጣውላ መላጊያ ማሽኑ ሲነሳ ዜናው አልሰማ ይለኛል። ጣቢያው የደከመ እየመሰለኝ ድምፁን እጨምራለሁ። በየወሩ ትንሽ፣ በየወሩ ትንሽ። ሬዲዮ ባይኖረው ኖሮ የማሽኑ ጩኸት እየገባ መሆኑን ቶሎ እነቃ ነበር። የገዛሁበት ነገር ራሱ ሸወደኝ!

መላጊያ ማሽን 100 ዲሲቤል መድረስ አያቅተውም። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት ምርምር ተቋም ናዮሽ ለ85 ዲሲቤል በቀን ከ8 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። ከዚያ በላይ በየ3 ዲሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። እኔ ግማሽ ቀን ጣውላ ስልግ እውላለሁ።

"ታዲያ ወንድሜ፣ ሬዲዮ የሌለውን አትወስድም ነበር?" ትለኝ ይሆናል፣ አቶ ሻጭ። የሌለውማ ነበረኝ። ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር የሚውለው። "አንዲት ቁራጭ ብቻ ናት" እያልኩ ስንቱን በባዶ ጆሮ ቆርጫለሁ። 30 ዲሲቤል የሚቀንስ መከላከያ እንኳ ከ8 ሰዓት ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ቢወልቅ፣ የቀኑ ጥበቃ ወደ 12 ያሽቆለቁላል። ይሄኛው ወሬ ስለሚያወራልኝ አላወልቀውም። ስለዚህ አልመልሰውም፤ ብትለምነኝም አልመልሰውም። አንቴናው በየጣውላው ይጠለፋል፣ እሱን ችዬዋለሁ።

ትናንት አዲስ ትራስ አስገባሁ። በእጅ ተስቦ ነው የሚወጣው፣ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። መነጽሬንም ዘንገ ቀጭን በሆነ ቀየርኩት። ከእንግዲህ ሰኞ ሰኞ ሬዲዮውን አጥፍቼ ማሽኑን ብቻ አዳምጣለሁ ብያለሁ።

ከዚያ ሬዲዮውን እንደለመድኩት ከፍቼ መላጊያውን አስነሳሁ። ጋዜጠኛው ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ። አራት ደረጃ ዝቅ አደረግኩት።